ለቀብር የተተወ ሰማይ

ሶሊያና ክንፉን ግቢ ያሰጣችው ለአንድ ሰዓት ብቻ ነበር። የሸራው ቫርኒሽ ጋጣ ውስጥ አልደርቅ ብሎ ሦስት ቀን አስቆጥሯል፤ ሽታው ደግሞ ራስ ያዞራል። የኅዳር ፀሐይ ስንቱን ሽንኩርት ስታደርቅ አንድ ክንፍ አያቅታትም ብላ፣ ሣሩ ላይ ዘረጋችውና ምሳ ልትሠራ ገባች። ሽሮው ገና ሳይንተከተክ አንዲት ጢንዚዛ በግቢው ላይ አለፈች። የጎረቤት ጫማ ይዛ ነበር። ጫማውን ለባለቤቱ አደረሰች፤ ወሬውን ለአየር ይዞታ ጽሕፈት ቤት።

ጢንዚዛ የሚባሉት በራሪ ዕቃ አመላላሾቹ ናቸው። በ2076 ዓ.ም. መቂ ላይ ከሰው ቁጥር ይበልጣሉ። ሰማዩ ተሸንሽኖ፣ ካርታ ወጥቶለት፣ በሊዝ ካለቀ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ለነዋሪው የተተወለት ከመሬት እስከ አራት ሜትር ያለው ነው። ለሰው አራት ሜትር እንደሚበቃው በጥናት ተረጋግጧል፤ ጥናቱን ያጠኑት ሰዎች ቢሯቸው ዐሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስለዚህ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት መሬት ለመሬት ነው። ወደ ላይ የተለጋች ኳስ አየር ላይ ተይዛ ትሄድና፣ ወላጅ ማመልከቻ ጽፎ ሰኞ ሰኞ ያስፈታታል። ማንጎ የሚያወርድ ሰው የከፍታ ፈቃድ ያወጣል፤ ፈቃዱ እስኪደርስ ማንጎው ራሱ ይወርዳል። ከሐይቁ የሚመጡት አባ ኮዳዎች እግራቸው ላይ ቀለበት ተደርጎላቸው “ነባር ተጠቃሚ” ተብለዋል። ይህን የሰማ ጊዜ ያብስራ፣ ቆሻሻ ለቃሚ ወፍ ነባር ከሆነ እኔ ምን ልባል ነው ብሎ ነበር።

ያብስራ የሶሊያና ጎረቤት ነው፤ ስልሳ ስድስት ዓመቱ። እሱ በተወለደበት ዘመን ስሙ ፋሽን ስለነበረ፣ በእሱ ዕድሜ ያለ ሽማግሌ ሁሉ ወይ ያብስራ ነው ወይ ናታን። አሮጊቶቹም ሶሊያናና ኤልዳና ናቸው። ወጣቱ ደግሞ ወደ ቅድመ አያቶቹ ስም ተመልሷል። ያብስራ ባጃጅ ጠጋኝ ነበር፣ ባጃጅ ከመንገድ እስኪወጣ ድረስ። ሁሉም የባጃጁን ሞተር ሲያስረክብ እሱ አንዱን በጆንያ ጠቅልሎ ሶሊያና ጋጣ ውስጥ ጭድ ሥር ቀበረው። ከዚያ ሞተር ተነሥተው ሁለቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠሩ።

ስሟ ላሚቱ ነው። የቤት እንስሳት ቆጣሪ መጥቶ ጋጣው ውስጥ ምን አለ ሲል፣ ያብስራ ደንግጦ ላም ብሎ ስለመለሰ፣ ላሚቱ በየዓመቱ የክትባት ጥሪ ይደርሳታል። አጥንቷ የመስኖ ቧንቧ ነው። እግሯ የጋሪ ጎማ። መቀመጫዋ የባጃጅ የኋላ ወንበር ነው፤ “ቀስ በሉ፣ ልጆች አሉን” የሚለው ጽሑፍ ገና አልለቀቀም። ፕሮፔለሯን ያብስራ ከዋንዛ ግንድ ጠርቦ አወጣው፤ ግራና ቀኙ እኩል እስኪመዝን አንድ ክረምት ሙሉ በጠርሙስ ስባሪ ሲፍቀው ከረመ። ቤንዚን ከጠፋ ስለቆየ ሞተሯ ዳግም አረቄ ነው የምትጠጣው፤ አረቄውን የምታወጣላት የሰፈሩ አልቃሽ ኤልዳና ናት። ክንፏ ደግሞ የሶሊያና እጅ ነው። ሶሊያና ድንኳን ሰፊ ናት፤ የደምበል ዳር መረዳጃ እድርም ጸሐፊ። እድሩ አዲስ ድንኳን ሲያሠራ አሮጌውን ለእሷ ተወላት፤ እሷም ቀዳ፣ ወጥራ፣ ሰፍታ ላሚቱን አለበሰቻት። ሸራው ስላጠረባት የድንኳኑ ጽሑፍ ከነፊደሉ ክንፎቹ ሥር ዋለ፦ በግራው “ደምበል ዳር”፣ በቀኙ “መረዳጃ እድር”።

ለምን ትሠሩታላችሁ ለሚል ሰው ያብስራ መልሱ አንድ ነው፤ ደስ ስለሚለኝ ይላል። በመጀመሪያው ዓመት ይህንኑ ለጽሕፈት ቤቱ በማመልከቻ አቅርቦ ነበር። ቅጹ “የበረራው ዓላማ” ከሚለው ሥር ሦስት ሳጥን አለው፦ ጭነት፣ ጥበቃ፣ ማስታወቂያ። ያብስራ በስክሪብቶ አራተኛ ሳጥን ሠራና “ደስታ” ብሎ ጻፈበት። ቅጽ አበላሽተዋል ተብሎ ተመለሰለት። ከዚያ ወዲህ ማንንም አልጠየቀም።

ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት በያብስራ ስም ሶሊያና ቤት መጣ፤ የበረራ ማመልከቻ አስገብቶ የሚያውቅ ሌላ ሰው መዝገብ ላይ የለም። ያልተመዘገበ በራሪ አካል በግቢው መገኘቱን ጠቅሶ፣ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ “ባለንብረቱ በተገኙበት ተቆርጦ እንዲወገድ” ይላል። ሶሊያና ደብዳቤውን ራሷ ወደ ያብስራ ይዛ ሄደች። ያብስራ ሁለት ጊዜ አነበበውና አጠፈው። ያሰጣሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ልትል አፏን ስትከፍት ቀደማት።

“ቫርኒሹ ደረቀ?”

“ደርቋል።”

“እንግዲያው ምን ጎደለን።”

የጎደለው ሰማይ ነበር። ላሚቱ እስከዚያ ሰኞ ድረስ ከመሬት የተነሣችው አንድ ስንዝር ነው፤ እሱም ጉድጓድ አንጥሯት። ያብስራ ዐሥራ አንድ ዓመት ጋጣ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መሪውን እያዘነበለ ስንት ጊዜ ሐይቁን ዞሮ እንደተመለሰ የምታውቀው ሶሊያና ናት፤ ምሳ ደረሰ ብላ ከሐይቁ ላይ የምትጠራው እሷ ነበረች። አሁን ሦስት ቀን ቀራቸው። እሷ ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ብላ።

ማክሰኞ ጊዜ እንዲራዘምላቸው ሊለምኑ አብረው ሄዱ። መስኮቱ ላይ የነበረው ይርዳው የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ፀጉሩ በሥርዓት የተበጠረ። የያብስራን የአውራ ጣት አሻራ ተቀብሎ ስክሪኑን አየ። ያብስራን አየ። እንደገና ስክሪኑን አየ። ከዚያ ብድግ ብሎ ወደ ሶሊያና ዞረ።

“እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ።”

ነገሩ ወዲያው ተብራራ። አርባ ቀን ሙሉ ምንም ያላዘዘ ሰው ሲስተሙ እንደሞተ ይቆጥረዋል። ያብስራ ደግሞ ሞተሩን ለመጨረስ ሲል አንዲት ብሎን እንኳ አላዘዘም፤ ያዘዘ ይታወቅበታልና። ዳቦውን ከእጅ በእጅ፣ ምሳውን ከሶሊያና ቤት ሲያደርግ ከረመ። ሲስተሙ ትናንት አርባውን አውጥቶለታል።

“ይኸው ቆሜያለሁ እኮ፣” አለ ያብስራ።

“እኔማ አያለሁ፣ ጋሼ። እሱ ነው የማያየው።”

በሕይወት ለመመለስ ሦስት ምስክርና የእድር ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ዐሥራ አምስት የሥራ ቀን። ይርዳው እስከዚያ እንዳይጨነቁ፣ ሞቱ ለጊዜው እንደሆነ አጽናናቸው። ስለ ሐሙሱ ግን ምንም ማድረግ አይችልም፤ ሞተዋል የተባሉት እሳቸው እንጂ ዕቃው አይደለም። የሰው ኃይል እጥረት ስላለም መጋዙን ይዞ የሚመጣው እሱ ራሱ ነው።

የእድሩ ደብዳቤ ከተፈለገ ጸሐፊዋ እዚያው ቆማለች፤ ማኅተሙም ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ያብስራ ዞር ብሎ አያት። ሶሊያና ቦርሳዋን አልከፈተችም።

“ልጄ፣” አለች ይርዳውን፣ “ሰው ከሞተ በኋላ ለሚያጠፋው ጥፋት ይጠየቃል?”

ይርዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። “እትዬ ደግሞ! ሟች ምን ያጠፋል?”

ወደ ቤት ሲመለሱ ሶሊያና በጭንቅላቷ የምትደጋግመው ደንብ ቁጥር ዘጠኝን ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት አንዲት ጢንዚዛ ቀብር ላይ ሳሙና በካርቶን ጥላ፣ ካርቶኑ የአስከሬን ሳጥኑ ላይ አረፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አገልድመው ጢንዚዛውን ሁሉ በድንጋይ አወረዱት። ከዚያ ሽምግልና ተቀመጠ፣ ደንብም ወጣ፦ የቀብር አጀብ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ከአጀቡ በላይ ያለው አየር ለአጀቡ የተተወ ነው፤ ጢንዚዛዎችም የእድር ጽሑፍ ሲያዩ ይቆማሉ። ስንት ሜትር ድረስ የሚለው ተረስቷል። ወይም ቃለ ጉባኤውን የያዘችው ሶሊያና አስረስታዋለች።

የወፍጮ ቤቱ ጥግ ሲደርሱ ቆመች።

“ያቤ፣ ልቅበርህ።”

ያብስራ ትንሽ አሰበ። “መቼ?”

“ሐሙስ ሦስት ሰዓት።”

“ይመቸኛል። አራት ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለብኝ።”

ማታውን የእድሩን የቀብር ደብዳቤ ጻፈች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊ ሆና ሐሰት ላይ ማኅተም አሳርፋ አታውቅም፤ አሁንም አላሳረፈችም። ሞቷል ያለው መንግሥት ነው፤ እሷ የተስማማችው ብቻ ነው። ረቡዕ ከሰዓት እድሩ ተሰበሰበ። ቁሞ የሚሄድ ሰው መቅበር ሟርት ነው ያሉ ነበሩ። ኤልዳና ተነሥታ፣ የሞተ መቅበርማ ማንን ያቅተዋል፣ እድር የሚለየው በክፉ ቀን ነው ስትል እሺ አሉ። ባዶ ሳጥን መሸከም ነውር ነው የሚለው ግን ረጅም አከራከረ፤ በመጨረሻ የያብስራ አሮጌ መፍቻዎችና ዐሥራ ሁለት ያለቁ ፒስተኖች እንዲገቡበት ተወሰነ። ያብስራ ራሱ ስብሰባው ላይ ነበር። ሐሳቡን ደግፎ እጁን ሲያወጣ ሟች ድምፅ እንደማይሰጥ ተነገረውና እጁን አወረደ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ አጀቡ ከሶሊያና ግቢ ወጣ። ከፊት አዲሱ ድንኳን እንደ ሰንደቅ በሁለት እንጨት ተወጥሮ፣ ከኋላው ሳጥኑ፣ ከዚያ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው። ጢንዚዛዎቹ “እድር” የሚለውን አነበቡና ግራና ቀኝ ቆሙ። በላያቸው ያለው አየር እንደ በር ተከፈተ። ዝምታው አስደነገጣቸው። ለቀስተኛው የራሱን ጫማ ኮቴ መስማት ጀመረ፤ አንዲት ሴትዮ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አየችው።

ሶሊያና መንገዱን ወደ መቃብር አላዞረችውም። ከጋጣው ጀርባ፣ ሽንኩርቱ ወደተነሣለት ትልቅ ማሳ መራችው፤ ማሳውን ዳር ዳሩን ክብ ሠርተው እንዲዞሩ አደረገች። ሰው በተዘረጋ ቁጥር ሰማዩ ይሰፋል። ከቆሙ ግን ይዘጋል። ይህን ለሁሉም ትናንት ነግራለች፤ ቀስ በሉ፣ ግን አትቁሙ፣ ያንቀላፋ ይቀስቀስ ብላ።

ከጋጣው ሞተሩ ተነሣ። ላሚቱ የአረቄ ሽታዋን እየነዛች በማሳው መሐል ሮጠች፤ ዘለለች፣ ተመልሳ አረፈች፣ እንደገና ዘለለች። ሶሊያና የክንፉን ስፌት እየቆጠረች ነበር፤ በግራ በኩል ያለችውን፣ ክር አልቆባት በሌላ ቀለም የጨረሰቻትን። ሦስተኛው ዝላይ ላይ የጋሪ ጎማዎቹ አልተመለሱም። ያብስራ አራት ሜትርን አለፈ። የማንጎውን ጫፍ አለፈ። ክንፎቹን ከሥር ያነበቡ ጢንዚዛዎች ሌላ ድንኳን መጣ ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ኤልዳና ነጠላዋን አገልድማ፣ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ጀመረች፦

“አንተ ያብስራዬ፣ ምነው ጨከንክብን፣
ከቀብርህ ቀርተህ ሰማይ ወጣህብን።”

ሕዝቡ እየተራመደ ተቀበላት። አልቅሱ የተባሉት ሰዎች ጥርሳቸው እየታየ ደረታቸውን ደቁ።

ይርዳው በሰዓቱ መጣ። መጋዙን በአንድ እጁ፣ ቅጹን በሌላው ይዞ ማሳው ዳር ቆመና አፉን ከፍቶ ወደ ላይ አየ። ከዚያ ወደ ሶሊያና ሮጠ።

“እትዬ፣ ይቁሙና እንነጋገር።”

“ለቅሶ ላይ ቆሞ ማውራት ነውር ነው። እየሄድክ አውራ።”

ጎኗ ሆኖ መራመድ ጀመረ። አጀቡ በአንድ ሰው ጨመረ።

“ማን ሞቶ ነው?”

“ያብስራ። አንተ ነህ ያረዳኸን።”

“አስከሬኑ የት አለ?”

ሶሊያና ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። ላሚቱ ጎኗን አዘንብላ ፀሐይዋን ለቅጽበት ጋረደቻትና አለፈች። ይርዳው ወደ ላይ እያየ ዐሥር እርምጃ ያህል ሄደ። ከዚያ የጽሕፈት ቤቱን ቋንቋ መልሶ አገኘው፤ ይህ ግልጽ ጥፋት መሆኑን፣ ማን እንደሚያበረው ማወቅ እንዳለበት ነገራት።

“የሚያበረው ሟቹ ነው። ሟች ደግሞ ምን ያጠፋል?”

ጽሕፈት ቤቱን በስልክ ጠየቀ። ሲስተሙ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ አጀቡ እየተንቀሳቀሰ ነው ወይ? ይርዳው መዋሸት የማይችል ልጅ ስለነበረ እየተንቀሳቀሰ ነው አለ። ሲስተሙ ነፍስ ይማር ብሎ ዘጋው።

አራተኛው ዙር ላይ ግን የሰው ጉልበት ይደክም ጀመር። ናታን የሚባሉት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ቦይ ዳር ተቀመጡ። አንዱ በተቀመጠ ቁጥር ሰማዩ ከዚያ ወገን ይጠባል፤ በሽንኩርት መጋዘኑ በኩል ጢንዚዛዎቹ እንደ መጋረጃ እየገቡ ነው። ያብስራ ይህን አይቶ ዙሩን አጠበበ። ለመውረድ ማሳው ሙሉ ርዝመቱ ያስፈልገዋል፤ የቀረው ግማሹ ነው። ሳጥኑን ከተሸከሙት ደግሞ አንደኛው ተሰናከለና ሳጥኑ አዘነበለ፤ ፒስተኖቹ ተንኳኩ። ሳጥኑ ከወረደ አጀቡ ቆመ ማለት ነው። ሶሊያና ክንፉን ግቢ ካሰጣች ወዲህ ያላለቀሰችው እንባ አሁን መጣ።

ኤልዳና ግን ይርዳውን ዓይኑ ውስጥ አየችው።

“አንተ ወጣት፣ ትከሻህን አበድር እንጂ።”

ሳጥን ያዝ ተብሎ እምቢ ያለ ሰው መቂ ላይ ገና አልተወለደም። ይርዳው ግራ ቀኝ አየ፤ ለመጋዙ ቦታ አጣለት፤ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠውና ትከሻውን ሰጠ። እሱ ሲገባ ተሸካሚዎቹ እግራቸውን አስተካከሉ። እርምጃው ፈጠነ። ቦይ ዳር የተቀመጡት የመንግሥት ሰው ሳጥን ሲሸከም እኛ ልንቀመጥ ነው ብለው አንድ በአንድ ተነሡ። መጋረጃው ወደ ኋላ ተገፋ፤ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ተከፈተ።

ላሚቱ ሰባት ዙር ዞራ ወረደች። አንዱ ጎማ ወልቆ ብቻውን እስከ ቦዩ ሮጠ። ያብስራ ከወንበሩ ወርዶ መጥቶ በራሱ ቀብር መጨረሻ ላይ ተሰለፈ። ሳጥኑን ማሳው ዳር ሲያወርዱት አፈር ዘግኖ በፒስተኖቹ ላይ በተነና ሶሊያና አጠገብ ቆመ። እንዴት ነው ብላ በዓይኗ ጠየቀችው።

“ሐይቁ እዚያው ነው፣” አለ። “ጋጣ ውስጥ ያየሁት ልክ ነበር።”

ይርዳው መጋዙን ከአፈር አራግፎ ቅጹን አወጣ። ባለንብረቱ በተገኙበት ይላል፤ ፊርማም ይጠይቃል። ያብስራ ስክሪብቶ እንዲያውሰው እጁን ዘረጋ። ይርዳው እጁን አየው፣ ቅጹን አየው፣ የሟች ፊርማ እንደማይቀበል አሰበና ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ከቅጹ ሥር፣ ባለንብረቱ በመሞታቸው ወራሽ በፍርድ ቤት እስኪረጋገጥ ንብረቱ እንዳለ እንዲቆይ ብሎ ጻፈ። ያብስራ ሚስትም ልጅም የለውም። ወራሽ ማጣራት ስንት ዓመት ይወስዳል ብላ ሶሊያና ጠየቀችው። ሰባት፣ ስምንት አለ። ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ ሰማዩን አየ።

ለያብስራ በሕይወት አለ የሚል ደብዳቤ የሚጽፈው የእድሩ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊዋ ሥራ በዝቶባት አልጻፈችም። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮም ሶሊያና ክር አላዘዘችም፤ ጨው አላዘዘችም። ኤልዳናም አላዘዘችም። ሰፈሩ እንቁላሉን በአጥር ላይ፣ ዘይቱን በጠርሙስ፣ ሳሙናውን በግማሽ መቀባበል ጀመረ። ጢንዚዛዎቹ በደምበል ዳር ላይ ባዷቸውን ሲመላለሱ ሰነበቱ።

በአርባ አንደኛው ቀን ጠዋት ሶሊያና የክት ቀሚሷን ለብሳ መስኮቱ ጋ ቀረበች። ይርዳው አውራ ጣቷን ተቀብሎ ስክሪኑን አየ። እሷን አየ። ብድግ አለ፤ ያጽናዎት ሊል ነበር፣ ግን ለማን እንደሚለው ጠፋው። በትከሻዋ አሻግሮ ቢመለከት ኤልዳና ቆማለች። ከኤልዳና ኋላ ናታኖቹ። ሰልፉ በሩን አልፎ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሷል።

“ሁላችሁም?” አለ ቀስ ብሎ።

“ሲስተሙ ምን ይላል?”

ይርዳው ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሞታችኋል ይላል፣ እትዬ።”

“እንግዲያው የሞት ማስረጃዬን አትምልኝ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ቀብሬ ነው።” ወረቀቱን ተቀብላ ማኅተሙን እፍ ብላ አደረቀችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። “ተሸካሚ አንሶናል። ትከሻህን ይዘህ ና።”